በረጅም መንገድ አውቶብስ ላይ ጋዜጣ እንዴት ይቀርባል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ባለአውቶብሶችና ትኬት ቢሮዎች የቀረበ መመሪያ

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ እንደ መንገዱ ሁኔታ ስምንት ሰዓትና ከዚያም በላይ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። በዘመናዊዎቹ አውቶብሶች ውሃና ኬክ ይታደለዋል፣ ፊልምም ሳይወድ በግዱ ያያል፤ የሚነበብ ነገር ግን የሚያቀርብለት የለም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚያስብ ባለንብረት ወይም የትኬት ቢሮ ኃላፊ ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ ለእያንዳንዱ መንገደኛ አንድ ጋዜጣ በነፃ ማደል ነው። ይህ አሠራር በሌሎች አገሮች የረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ ለአስርት ዓመታት ተሞክሮ አሁን እየቀረ ያለ ስለሆነ፣ እዚህ እንዳለ መቅዳት አያዋጣም። ጋዜጣው ለመንገደኛው የሚሰጥ ሳይሆን ለመንገዱ ያህል የሚዋስ ከሆነ ግን በጣም በአነስተኛ ወጪ ሊሠራ ይችላል። ቀጥሎ የሚቀርበው የአሠራሩ ዝርዝር ነው።

ባቡሮቹ ለምን ተዉት

በስም አንድ ይምሰሉ እንጂ በነፃ የሚታደሉ ጋዜጦች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱን ለይቶ ያላየ ሰው ሒሳቡን ከመነሻው ይስታል። (የውጭ አገሮቹ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ከኅትመቱ ጀምሮ በነፃ እንዲታደል ታስቦ የሚዘጋጅ ነው። በ1995 በስቶክሆልም የምድር ባቡር ጣቢያዎች መታደል የጀመረው ‹ሜትሮ› የዚህ ዓይነቱ ፈር ቀዳጅ ሲሆን፣ ወጪው የሚሸፈነው ከማስታወቂያ ነበር። የስዊድኑ እትም በ2019 ከኅትመት ወጣ። በ2009 ከሽያጭ ወደ ነፃ እደላ የተሻገረው የለንደኑ ‹ኢቭኒንግ ስታንዳርድ› በ2024 ዕለታዊ ኅትመቱን አቁሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ ሆነ። በስዊዘርላንድ ባቡር ጣቢያዎች መንገደኛው ከሣጥን እያነሳ ይወስደው የነበረው ‹ሃያ ሚኑተን› አሳታሚም የወረቀት እትሙን በዓመቱ መጨረሻ እንደሚያቆም በ2025 አስታውቋል።

ሁለተኛውና ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው፣ በገበያ የሚሸጠውን መደበኛ ጋዜጣ የባቡር ድርጅቱ በጅምላና በርካሽ ገዝቶ ለመንገደኞቹ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች የሚያድለው ነው። አሳታሚው በርካሽ የሚሸጠው ለመንገደኛው አዝኖ አልነበረም፤ የስርጭት ቁጥሩ ከፍ ሲል ለማስታወቂያ የሚጠይቀው ዋጋም ከፍ ስለሚል ነው። በብሪታንያ የጋዜጦችን ስርጭት የሚመረምረው ኤቢሲ የተባለ ተቋም ለባቡር፣ ለአየር መንገድና ለሆቴል በጅምላ የሚሄዱትን ቅጂዎች ለብቻቸው ለይቶ ይመዘግብ ነበር፤ አስተዋዋቂዎችም አንባቢ ገንዘቡን አውጥቶ የገዛውን ቅጂና ወንበር ላይ ተቀምጦ የጠበቀውን ቅጂ እኩል ዋጋ አልሰጧቸውም። ማስታወቂያው ወደ ኢንተርኔት ሲሄድ አሳታሚው በርካሽ የሚሸጥበት ምክንያት ሳሳ፤ የባቡር ድርጅቱም መንገደኛው ስልኩን እያየ ያላነበበውን ወረቀት በየጣቢያው ሲጠርግ ይውል ጀመር። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ወረቀት ከየወንበሩ ተነሳ፤ በብዙ ቦታም ተመልሶ አልመጣም።

በዚህ መሐል ሳይወድቅ የቆየ ሌላ አሠራር ጀርመን አገር አለ። መጽሔቶች በጠንካራ ሽፋን እየታሰሩ ለሐኪም ቤት፣ ለፀጉር ቤትና ለመኖሪያ ቤት በሳምንት ኪራይ ይሰጣሉ፤ አዲሱን እትም መጀመሪያ የሚያነበው ደንበኛ ከፍተኛውን ዋጋ ሲከፍል፣ ከሳምንት በኋላ ያው ቅጂ ለሁለተኛው ደንበኛ በቅናሽ ይተላለፋል፣ ከዚያም ለሦስተኛው። አንድ ቅጂ ብዙ ጊዜ ስለሚነበብ የወረቀቱ ዋጋ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። አዲስ አበባ አራት ኪሎ አስፋልት ዳር ጋዜጣ እያከራዩ የሚያስነብቡት ልጆች በራሳቸው መንገድ የደረሱበት ሐሳብ ይኸው ነው። ለደሴ መንገድም የሚስማማው ይህ እንጂ የባቡሮቹ እደላ አይደለም፤ በተለይ የጋዜጣ ወረቀት በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገር፣ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አንድ ቅጂ አንድ ጊዜ ተነብቦ የቆሎ መጠቅለያ እንዲሆን መፍቀድ ብክነት ነው።

ጋዜጣው ከየት ይጫናል

ዋናዎቹ የአማርኛ ጋዜጦች የሚታተሙት አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ከደሴ ከንጋቱ 11 ሰዓት የሚነሳ አውቶብስ የዕለቱን ጋዜጣ በምንም ተአምር ሊያገኝ አይችልም። ስለዚህ ግዢው መፈጸም ያለበት በአዲስ አበባ በኩል ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚመለሰው አውቶብስ በሚያድርበት አካባቢ አንድ ጋዜጣ አዟሪ ወይም አከፋፋይ ተመርጦ፣ የተስማሙበትን ቁጥር በዋዜማው ማታ ወይም ማለዳ ከመነሳቱ በፊት ለረዳቱ እንዲያስረክብ ውል ይደረጋል። አውቶብሱ ራሱ አጓጓዥ ስለሆነ የማጓጓዣ ወጪ የለም። ያው ቅጂ ወደ ደሴ ሲመጣ በአንድ ቡድን መንገደኛ፣ በማግስቱ ከደሴ ሲመለስ በሌላ ቡድን ይነበባል።

ከአዟሪው ጋር የሚደረገው ስምምነት በቃል ብቻ ባይቀር ይመረጣል። የጋዜጣው ስም፣ የቅጂው ብዛት፣ የሚረከብበት ሰዓት፣ ጋዜጣው ሳይወጣ የቀረ ዕለት ምን እንደሚደረግ በአንድ ገጽ ተጽፎ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበት። ክፍያው በየሳምንቱ መጨረሻ በባንክ ወይም በቴሌብር ቢፈጸም ረዳቱ ጥሬ ገንዘብ ከመያዝ ይድናል። ትልቅ ማኅበር ከሆናችሁ ደግሞ በቀጥታ ወደ ጋዜጣው ድርጅት የስርጭት ክፍል ሄዳችሁ ስለ ደንበኝነት ዋጋና ሳይሸጡ ስለሚመለሱ ቅጂዎች ጠይቁ፤ ያልተሸጠ የሳምንቱ ቅጂ ለአሳታሚው ክብደት ብቻ ነው፣ ለመንገደኛ ግን ገና ያልተነበበ ጋዜጣ ነው።

ሐዲዱን በሚመለከት አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው የባቡር መስመር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የመንገደኛ ባቡር ሲጀምርበት ለማየት ገና እየጠበቅን ነው። በጀመረ ጊዜም እዚህ የተጻፈው ሁሉ ያለብዙ ለውጥ ይሠራበታል፤ ባቡር ደግሞ ከአውቶብስ ይልቅ ለንባብ ይመቻል።

የትኛው ጋዜጣ ይመረጥ

ዕለታዊ ዜና ለዚህ ሥራ አይመችም። መንገዱ በተለያየ ምክንያት የሚዘገይበት ቀን ስላለ፣ የትናንት ዜና ከትናንት ወዲያ ዜና ጋር ተደራርቦ ይመጣል፤ ዜናውንማ መንገደኛው በስልኩ ከእናንተ ቀድሞ ሰምቶታል። የሚመረጠው ሳምንት ቢቆይም የማይበላሽ ጽሑፍ የሚበዛበት ነው፦ ትንታኔ፣ ቃለ ምልልስ፣ ታሪክ፣ ልብ ወለድ፣ የጤና ዓምድ፣ የሥራ ማስታወቂያና ጨረታ። ጨረታውን አትናቁት፤ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና ከደሴ ገበያ የሚመላለሰው ነጋዴ ጋዜጣ ሲያገኝ አስቀድሞ የሚገልጠው ያንን ገጽ ነው።

በዚህ መለኪያ እሑድና ረቡዕ የሚወጣው ‹ሪፖርተር› እና ቅዳሜ የሚወጣው ‹አዲስ አድማስ› ለመነሻ ይበቃሉ። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው ‹አዲስ ዘመን› ዕለታዊ ቢሆንም፣ በሳምንት ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ እትሙን መግዛት አያስፈልግም። የአማራ ክልሉ ሳምንታዊ ‹በኩር› በሌሎቹ የማይገኝ የአካባቢ ወሬ ስላለው ቢያንስ ሁለት ቅጂ ይኑር። መንገዱ በከሚሴ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንን ስለሚያቋርጥ በአፋን ኦሮሞ የሚታተመው ‹በሪሳ›፣ ዐረብኛ ለሚያነቡ ሼሆችና ደረሶች ደግሞ ‹አል ዓለም› አንድ አንድ ቅጂ ቢያዝ ተገቢ ነው። እነዚህ ጥቂት ቅጂዎች ወጪያቸው ኢምንት ሆኖ ሳለ፣ አንድ አዛውንት በሚያነቡት ቋንቋ ጋዜጣ ሲቀርብላቸው ስለ አውቶብሱ ቤታቸው ደርሰው የሚያወሩት ብዙ ነው።

የመንግሥትና የግል ጋዜጣ አብረው ይቀመጡ። አንዱን ብቻ የያዘ አውቶብስ ባለቤቱ ሳያስበው የወገን ስም ይወጣለታል፤ በዚህ ዘመን ደግሞ ያ ስም ለንግድ አይበጅም። በአንጻሩ ባለቤቱ የማይታወቅ፣ አሳታሚው ያልተጻፈበት በራሪ ወረቀት ማንም ቢያመጣው በማኅደሩ (ጋዜጣው ታስሮ በሚቀርብበት ጠንካራ ሽፋን) ውስጥ እንዳይገባ ለረዳቱ በጥብቅ ይነገረው።

ሒሳቡ

45 ወንበር ባለው አውቶብስ ለአራት ወንበር አንድ ቅጂ ይበቃል፤ ሁሉም ሰው አያነብም፣ የሚያነበውም ሲጨርስ ለጎረቤቱ ያቀብላል። ስለዚህ 12 ማኅደር ይዘጋጃል። ይዘቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚታደስ ከሆነ የሳምንቱ ግዢ 24 ቅጂ ነው። አንድ ቅጂ ለምሳሌ 30 ብር ቢሆን፣ የሳምንቱ ወጪ 720 ብር ይመጣል። አውቶብሱ በሳምንት ስድስት ጉዞ እየሞላ ቢሄድ 270 መንገደኛ ያጓጉዛል፤ 720 ለ270 ሲካፈል ለአንድ ሰው ከ3 ብር በታች ነው። ለእያንዳንዱ መንገደኛ አንድ አንድ ቅጂ ቢታደል ኖሮ ግን ለአንድ ጉዞ 1,350 ብር፣ ለሳምንቱ 8,100 ብር ይፈጅ ነበር። በ30 ብሩ ቦታ የራሳችሁን የግዢ ዋጋ ተክታችሁ አስሉት፤ እደላው ከውሰቱ ከ11 እጥፍ በላይ የሚያስወጣ መሆኑ በዋጋው መውጣትና መውረድ አይቀየርም።

ወጪውን በማስታወቂያ ለመሸፈን የሚመኝ ይኖራል። በማኅደሩ ጀርባ የቁርስ ማረፊያ ሆቴሉ ስም ቢለጠፍና ሆቴሉ የተወሰነ ቢያግዝ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሥራው በዚያ ገንዘብ ላይ ብቻ ከቆመ የባቡር ጣቢያዎቹ ጋዜጦች በወደቁበት መንገድ ይወድቃል። ወጪው ከትኬት ገቢ ቢሸፈን፣ ከሆቴሉ የሚገኘው ለማኅደር መተኪያ ቢውል ይሻላል።

ማኅደሩን ማዘጋጀት

ልቅ ጋዜጣ በአውቶብስ ውስጥ ግማሽ ቀን አይቆይም። መካከለኛው ቅጠል ይወጣል፣ አንዱ ልጁን ያስቀምጥበታል፣ ሌላው ሙዝ ይጠቀልልበታል። ስለዚህ ጋዜጣው መጀመሪያ በአጣጣፉ መሥመር ላይ በሦስት ቦታ በስቴፕለር ይመታል፤ ሽቦው ከውስጥ ወደ ውጭ ከተመታ ጫፉ የአንባቢውን ጣት አይወጋም። ቀጥሎ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በሚገኝ ጠንካራ የፕላስቲክ ክላሰር ውስጥ በላስቲክ ገመድ ይታሰራል፦ ገመዱ በጋዜጣው መካከለኛ ገጽ ላይ አልፎ በክላሰሩ ጀርባ ይቋጠራል፤ በዚህ መልኩ ጋዜጣውን ለመቀየር ገመዱን ማንሸራተት ብቻ ይበቃል። ትልልቅ ገጽ ያላቸው ጋዜጦች በወንበር መካከል ሙሉ በሙሉ ሲዘረጉ የጎረቤትን ፊት ስለሚሸፍኑ፣ አንድ ጊዜ ታጥፈው በግማሽ እንዲነበቡ ሆነው ይታሰሩ።

በሽፋኑ ላይ በትልቁ የማኅደሩ ቁጥር፣ የአውቶብሱ የጎን ቁጥርና «አንብበው ሲጨርሱ በወንበሩ ኪስ ይመልሱ» የሚል ጽሑፍ ይኑር። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የድርጅቱ ማኅተም ይመታ፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሰው በቀላሉ ቦርሳው ውስጥ አይከተውም። ከደሴ ጭቃና ከአፋር በኩል ከሚመጣው አቧራ የተነሳ ሽፋኑ ቶሎ ስለሚቆሽሽ፣ አውቶብሱ ሲጸዳ ማኅደሮቹም በእርጥብ ጨርቅ ይወልወሉ። ባቡሮቹ በወረርሽኙ ጊዜ ጋዜጣውን ያነሱት ንክኪን ፈርተው ነበርና ይህ ቀላል የሚመስል ጽዳት መዘንጋት የለበትም።

መቼ ይቅረብ፣ መቼ ይሰብሰብ

አብዛኛው ሰው የማይገምተው፣ ነገር ግን ሥራውን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ይህ ነው። ዓይን የቆመ ጽሑፍ እያየ የውስጠኛው ጆሮ የሚወዛወዝ አካል ሲሰማው አእምሮ ሁለቱን ማስታረቅ ያቅተዋል፤ ማቅለሽለሽ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው የሀረጎ ቁልቁለት 600 ሜትር ያህል በጠመዝማዛ የሚያወርድ ሲሆን፣ አውቶብሱ የሚያልፈውም ገና ሳይነጋ ነው። በዚያ ላይ ጋዜጣ የሚያድል ረዳት ከጋዜጣው ጋር የማስታወክያ ፌስታል ለማደልም ይዘጋጅ።

ከኮምቦልቻ በኋላ መንገዱ ይለቃል። በቦርከና ሸለቆ በሐርቡ፣ በከሚሴ፣ በአጣዬና በሰንበቴ በኩል እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ጉዞ ከሞላ ጎደል ሜዳ ነው፤ ፀሐይም ወጥታለች። ማኅደሮቹ የሚወጡት አውቶብሱ የኮምቦልቻን መንገደኛ ጭኖ ከከተማው ሲወጣ ነው። ረዳቱ በየወንበሩ አይወረውራቸው፤ ማኅደሮቹን ክንዱ ላይ ደርድሮ ከፊት ወደ ኋላ እየሄደ፣ «ጋሼ፣ የሚያነቡት ጋዜጣ ልስጥዎት? እሑድ የወጣው ነው»፣ «እማማ፣ ለእርስዎስ? በኩርም አለ» እያለ ይጠይቅ፤ የተኛን ሰው አይቀስቅስ። የእትሙን ቀን አብሮ መናገር ያስፈልጋል፤ መንገደኛው የዛሬ መስሎት ተቀብሎ ቀኑን ሲያይ እንደተታለለ ይሰማዋል፣ አስቀድሞ ከተነገረው ግን ቅር አይለውም። ፊልሙና ዘፈኑ በዚህ ሰዓት ቢቀነስ እንኳን ለአንባቢው ለሹፌሩም ጆሮ ዕረፍት ነው፤ ብዙ መንገደኛ ይህን በልቡ ይመኛል፣ አፍ አውጥቶ ግን አይጠይቅም።

ከሸዋ ሮቢት ቆላ ወደ ደብረ ሲና ዳገቱ ሲጀምር ማኅደሮቹ ይሰብሰቡ። ጣርማበርን አልፎ ደብረ ብርሃን ከተደረሰ በኋላ በሸኖ በኩል እስከ አዲስ አበባ አምባው ለጥ ያለ ስለሆነ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ማቅረብ ይቻላል፤ በዚህኛው ዙር የሚጠይቁት ጥቂት ናቸው፣ እነሱም ከጠዋቱ የተለየ ጋዜጣ ይፈልጋሉ። ከአዲስ አበባ ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ መጀመሪያ እስከ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ከሸዋ ሮቢት እስከ ኮምቦልቻ፤ የሀረጎን ዳገት ማኅደር ተሰብስቦ ነው የሚወጣው። በየመሐሉ የሚወርድ መንገደኛ ስላለ ረዳቱ በከሚሴና በአጣዬ ሲቆም ማኅደር ይዞ የወረደ እንዳይኖር አይቶ ይሸኝ፤ በትህትና እንጂ በፍተሻ መልክ አይሁን።

በስልክ ለሚያነቡ

በጀርመን ፈጣን ባቡሮች ላይ መንገደኛው ከባቡሩ ዋይፋይ ጋር ሲገናኝ በሚመጣለት ገጽ ጋዜጦችን በነፃ ያነባል። ለአውቶብስ ሜሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ የሚቀበል አነስተኛ ራውተር ይበቃል፤ ጋዜጣው መነሻው ላይ ተጭኖበት መንገደኛው ዳታ ሳያባክን፣ ኔትወርክ በሌለበትም ያነባል። ሆኖም አንድን ጋዜጣ ሙሉ በሙሉ ቀድቶ ለሕዝብ ማዳረስ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ መብትን ስለሚነካ፣ ከአሳታሚው የጽሑፍ ፈቃድ ሳይገኝ አይሞከር። ፈቃድ እስኪገኝ ድረስ የጋዜጦቹን የራሳቸውን የቴሌግራም ገጽ አድራሻ በማኅደሩ ሽፋን ላይ ጽፎ፣ መንገደኛው ከመነሳቱ በፊት በመናኸሪያ ውስጥ እንዲያወርድ መጋበዝ ይቻላል። ጥሩ መነጽር ያላደረጉ አዛውንት ከስልክ ይልቅ ወረቀቱን እንደሚመርጡ ግን አይረሳ።

ከአውቶብሱ ከወረደ በኋላ

አዲስ ቅጂ ሲገባ አሮጌው አይጣል። ደሴ ፒያሳና አራዳ አካባቢ ካሉ ፀጉር ቤቶች፣ ካፌዎችና የሆቴል እንግዳ መቀበያዎች ሦስት ወይም አራት ደንበኛ ከተገኘ፣ ከአውቶብሱ የወረደው ማኅደር በግዢው ዋጋ ግማሽ ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ሳምንት አቆይተው ሲመልሱት ለክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል በነፃ፣ በመጨረሻም ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። ክላሰሩ ግን በየደረጃው ተመልሶ ወደ አውቶብሱ ይምጣ፤ ከጋዜጣው ይልቅ ውዱ እሱ ነው።

ረዳቱ በየጉዞው መጨረሻ ሁለት ቁጥር ብቻ በደብተር ይጻፍ፦ ስንት ማኅደር ተወሰደ፣ ስንቱ ተመለሰ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቅጂ ቢጎድል የተለመደ ነው፤ የጠፋውን ከመንገደኛም ከረዳቱም ደመወዝ አታስከፍሉ፣ አለዚያ ረዳቱ ማኅደሩን ከነጭራሹ ከሣጥን አያወጣውም። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ከግማሽ በታች ብቻ ከተወሰደ ቁጥሩን ወደ ስድስት ቀንሱ፤ ሁልጊዜ ሳይወሰድ የሚቀረው አንድ ጋዜጣ ከሆነ ደግሞ እሱን በሌላ ተክታችሁ ከአዟሪው ጋር ያላችሁን ውል አድሱ።